ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ጨዋታ

ሦስት የጠጠር ክምር መሬት ላይ አስቀምጡ፤ አንዱ 3፣ ሌላው 5፣ ሦስተኛው 7 ጠጠር ይኑረው። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ያነሣሉ። ባለተራው ከፈለገው ክምር የፈለገውን ያህል ማንሣት ይችላል፤ ነገር ግን ከአንድ ክምር ብቻ ነው፣ ምንም ሳያነሡ ማለፍም የለም። የመጨረሻዋን ጠጠር ያነሣ አሸነፈ። ደንቡ ይኸው ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃንም ይገባዋል። ጨዋታው «ኒም» ይባላል። ስሙን ያወጣለት የሃርቫርዱ የሒሳብ መምህር ቻርልስ ቡተን በ1901 ባሳተመው አጭር ጥናት፣ ገና አንዲት ጠጠር ሳትነሣ ማን እንደሚያሸንፍ መናገር እንደሚቻል አሳየ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብልሃቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ክምር 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ በእጥፍ በሚያድጉ ቁጥሮች ይከፋፍሉታል። 3 ማለት 2 እና 1 ነው፤ 5 ማለት 4 እና 1 ነው፤ 7 ደግሞ 4፣ 2 እና 1። ከዚያ አቻን ከአቻ ማጣመር ነው። 4 ሁለት ጊዜ ስላለ ተጣመረ፤ 2ም ሁለት ጊዜ ስላለ ተጣመረ፤ 1 ግን ሦስት ጊዜ ስለመጣ አንዱ ብቻውን ቀረ። ብቻውን የቀረ ካለ ባለተራው ያሸንፋል። ከአንዱ ክምር አንዲት ጠጠር አንሥቶ ሁሉንም ጥንድ በጥንድ ያደርገዋል። ከዚህ በኋላ ባላጋራው የትኛውንም ቢያነሣ ጥንዱን ማፍረሱ የግድ ነው፤ የፈረሰውን መልሶ ማጣመር ደግሞ ሁልጊዜ ይቻላል። እንዲህ ሲያፈርስና ሲያጣምሩበት መሬቱ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተራው የባላጋራው ነው፣ የሚያነሣው ግን የለም።

በእጥፍና በግማሽ ማሰብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ የሚጠቀሰው ዘዴ ከዚሁ ክፍፍል ጋር አንድ ነው። 13ን በ24 ለማባዛት 13ን በግማሽ እየከፈሉ (ትርፉን እየጣሉ) 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይላሉ፤ 24ን ደግሞ እያጠፉ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይላሉ፤ ከዚያ በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸውን ረድፎች ብቻ መርጠው 24፣ 96 እና 192ን ሲደምሩ 312 ይሆናል። ስያሜው በእኛ ስም ይጠራ እንጂ ዘዴው የእኛ ብቻ አይደለም፤ የግብፁ ጸሐፊ አሕሞስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በገለበጠው ፓፒረስ ላይም በማጠፍ ማባዛት አለ። እዚያው ፓፒረስ ላይ 7 ቤቶች፣ በየቤቱ 7 ድመቶች፣ በየድመቱ 7 አይጦች እያለ የሚሄድ ስሌት ሰፍሯል፤ ድምሩ 19,607 ነው። ለግብር ሰብሳቢ የማይረባ፣ ለጎተራ ጠባቂ የማይጠቅም፣ ለጨዋታ ብቻ የተጻፈ ስሌት ይመስለኛል። የሒሳብ ጨዋታ የሥራ ፈት ፈጠራ ነው ለሚሉ ይህችን ገጽ ማሳየት ይበቃል።

ስለ ቀላል ጨዋታዎች የተደከመውን የሒሳብ ድካም ሁሉ ስመለከት በሁለት ጎራ ይከፈልብኛል። አንዱ ጎራ እንደ ኒም ያለው ነው፤ ምሥጢሩ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይገባል፣ ለሌላ ሰው በአምስት ደቂቃ ይተላለፋል። ሌላው ኮምፒውተር እያንዳንዱን አቀማመጥ አንድ በአንድ አይቶ መልሱን የሚሰጠው ነው፤ መልሱ እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን በማንም አፍ አይነገርም። አንድ ጨዋታ ከየትኛው ጎራ እንደሚወድቅ ደግሞ ደንቡን አይቶ መገመት አይቻልም።

ምክንያት ከተገኘላቸው ሁሉ እኔ የምወድደው የአሥራ አምስቱን ካሬዎች ጉዳይ ነው። በአራት በአራት ሳጥን ውስጥ ከ1 እስከ 15 የተጻፈባቸው ካሬዎች አሉ፤ አንድ ቦታ ክፍት ነው፤ ካሬዎቹን ወደ ክፍቱ እያንሸራተቱ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነው። በ1880 አሜሪካንም አውሮፓንም አሳብዶ ነበር። ከሁሉ ያሳበደው ሁሉም በቦታው ሆኖ 14 እና 15 ብቻ ቦታ የተለዋወጡበት አቀማመጥ ነው። እንቆቅልሽ በመፍጠር ዝነኛ የነበረው አሜሪካዊው ሳም ሎይድ ይህን ለሚፈታ 1,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ገንዘቡን የወሰደ የለም፤ ሊወስድ የሚችልም አልነበረም።

ለምን? ካሬ ባንሸራተቱ ቁጥር ያ ካሬ ከባዶው ቦታ ጋር ተለዋወጠ ማለት ነው። ሳጥኑን እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ብትቀቡት ባዶው ቦታ በእያንዳንዱ እርምጃ ቀለም ይቀይራል፤ ስለዚህ ወደ ተነሣበት ጥግ ለመመለስ የሚሄደው እርምጃ ሁልጊዜ ለሁለት የሚካፈል ነው። 14ን ከ15 ጋር ብቻ ማለዋወጥ ግን አንድ ልውውጥ ነው፤ በሌላ መንገድ ልድረስበት ቢሉም ልውውጡ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ከተጋማሽ አይገናኝም። ጆንሰንና ስቶሪ የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህን በ1879 በአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት ላይ አትመውት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ማንሸራተቱን አልተወም። ሳጥኑ ውስጥ ሊደረደሩ ከሚችሉት አቀማመጦች ግማሾቹ በፍጹም አይደረስባቸውም፤ የሚደረስባቸው ከ10 ትሪሊዮን በላይ ናቸው። ሎይድ እስኪሞት ድረስ የፈጠርኩት እኔ ነኝ ይል ነበር፤ ውሸቱን ነው። እንቆቅልሹ የኖይስ ቻፕማን ነው፤ በኒውዮርክ ግዛት ካናስቶታ በምትባል ከተማ የፖስታ ቤት ኃላፊ የነበረ ሰው። እውነቱ በምርምር ተጣርቶ በመጽሐፍ የወጣው በ2006 ነው።

ከዚሁ ጎራ ሌሎችም አሉ። በ1736 ኦይለር የኮኒግስበርግን ሰባት ድልድዮች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ መዞር እንደማይቻል ያሳየው በዚሁ በጎዶሎና በተጋማሽ ነው። የሃኖይ ማማ የሚባለውን ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ በ1883 በሐሰት ስም ገበያ ላይ አዋለው፤ አንድ ዲስክ ሲጨመር እርምጃው እጥፍና አንድ ይሆናል፣ 64 ዲስክ ላይ ሲደርስ በሰከንድ አንድ እያንቀሳቀሱ እንኳ ከ580 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን በጀልባ ወንዝ የሚያሻግረው ሰው ጉዳይ ደግሞ ለሻርለማኝ መምህር ለአልኩዊን በሚሰጥ የላቲን ስብስብ ውስጥ ከ800 ገደማ ጀምሮ አለ። አፍሪካ ውስጥም፣ እኛም ጋ ጭምር፣ በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል። ሰባት መሻገሪያ ይበቃል፤ ቁልፉም ፍየሉን መልሶ ማምጣት መሆኑን ያልሰማ ልጅ ጥቂት ነው።

ዛር፣ ማለትም ስድስት ፊት ያለው የዕድል መጣያ፣ ያለበት ጨዋታ ሌላ ዓለም ስለሆነ እዚህ በሩን አይቼ አልፋለሁ። በአንድ ዛር አራት ጊዜ ጥሎ ቢያንስ አንድ 6 ማግኘት ከመቶ 51.8 ያህል ዕድል አለው፤ በሁለት ዛር 24 ጊዜ ጥሎ ድርብ 6 ማግኘት ግን ከመቶ 49.1 ነው። ሁለቱ እኩል ይመስሉ ነበር። በ1654 ፓስካልና ፌርማ በዛር ጨዋታ ምክንያት የተጻጻፉት ደብዳቤ ዛሬ ኢንሹራንስም ሕክምናም የሚመራበትን የዕድል ስሌት ወለደ። ከቁማር ቤት የወጣ የተከበረ ልጅ ብትሉት ይሆናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጎራ። የካናዳው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆናታን ሼፈር በ1989 ዳማ የሚጫወት ፕሮግራም መሥራት ጀመረ፤ ስሙን ቺኑክ አለው። ባላጋራው ማሪዮን ቲንስሊ ነበር፤ አሜሪካዊ የሒሳብ ፕሮፌሰር፣ በአርባ ዓመት ውስጥ የተሸነፈበት ጨዋታ በጣት የሚቆጠር። በ1992 ቲንስሊ አሸነፈ። በ1994 ሲገናኙ ስድስት ጨዋታ እኩል ከወጡ በኋላ ቲንስሊ ታመመና ግጥሚያውን ተወ፤ በዓመቱም በካንሰር ሞተ። ሼፈር ሰውየውን ማሸነፍ ስላልቻለ ጨዋታውን ራሱን ሊያሸንፍ ተነሣ ማለት ይቻላል። በ2007 ውጤቱን አሳወቀ፤ ሁለቱም ካልተሳሳቱ ዳማ እኩል ያልቃል። ሰሌዳው ላይ ሊኖሩ የሚችሉት አቀማመጦች 5 ከኋላው 20 ዜሮ ያሉበት ቁጥር ያህል ናቸው። የተፈታው እንግሊዞችና አሜሪካውያን የሚጫወቱት ዳማ ነው፤ በየሰፈራችን በቆርኪ የሚጫወቱት ሰዎች ደንብ ከዚያ ስለሚለይ የሼፈር መልስ እንዳለ አይሠራላቸውም። ቢሠራላቸውም ግድ የሚሰጣቸው አይመስለኝም።

የሩቢክ ኩብም እዚህ ጎራ ነው። በ1974 ሃንጋሪያዊው ኤርኖ ሩቢክ የሠራው ይህ አሻንጉሊት ከ43 ኩዊንቲሊዮን በላይ አቀማመጥ አለው፤ ከየትኛውም ተነሥቶ በ20 እርምጃ መጨረስ እንደሚቻል በ2010 ተረጋገጠ፤ ለአንድ ኮምፒውተር ወደ 35 ዓመት የሚፈጅ ሥራ በብዙ ኮምፒውተሮች ተከፋፍሎ። ሱዶኩም እንዲሁ ነው፤ አንድ ብቻ መልስ እንዲኖረው ቢያንስ 17 ቁጥሮች አስቀድመው መሞላት አለባቸው፣ በ16 አይሆንም፤ በ2012 የወጣው ይህ ማረጋገጫ በኮምፒውተር አሰሳ የተገኘ ነው። ለምን 17? ለምን 20? «ስለተቆጠረ» ከማለት ሌላ መልስ የለም። የሒሳብ ሰዎች በዚህ ይከፋቸዋል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ቆጠራ እውነትን ይሰጣል፣ ከዚያ ወዲያ ግን የሚወስደን ቦታ የለም። የኒም ብልሃት ግን ወሰደን፤ ሮላንድ ስፕራግ በ1935፣ ፓትሪክ ግረንዲ በ1939፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ምርጫ ያላቸው እንዲህ ዓይነት ጨዋታዎች ሁሉ ልብስ የቀየሩ የኒም ክምሮች መሆናቸውን አሳዩ።

በሁለቱ ጎራዎች መካከል የቆመ አንድ ግራ የሚያጋባ ጨዋታ አለ፤ «ቾምፕ» ይባላል። አራት ማዕዘን ቸኮሌት አለ፤ የታችኛው ግራ ጥግ መርዝ ነው። ባለተራው አንድ ቁራጭ ይመርጥና ከእሱ በላይና በስተቀኝ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይበላል። መርዙን የበላ ተሸነፈ። ቸኮሌቱ ከአንድ ቁራጭ በላይ እስከሆነ ድረስ ሁልጊዜ ጀማሪው ማሸነፍ ይችላል። ማስረጃው በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ሁለተኛው ሰው የማያዳግም ብልሃት አለው እንበል፤ ጀማሪው የላይኛውን ቀኝ ጥግ አንዲት ቁራጭ ብቻ ቢበላ ሁለተኛው በዚያ ብልሃት ይመልስለታል፣ ነገር ግን ያንን መልስ ጀማሪው ራሱ በመጀመሪያው ተራ ሊጫወተው ይችል ነበር፤ ስለዚህ ብልሃቱ የሁለተኛው ሊሆን አይችልም። ተረጋገጠ። ምን ልብላ ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ማስረጃው ዝም ይላል። ለትልልቅ ቸኮሌቶች ሁሉ የሚሠራ መንገድ እስካሁን አልታወቀም፤ ማሸነፉ ብቻ ነው የታወቀው።

ጠጠር በጉድጓዶች (በቤቶች) የሚታደልበትን ገበጣን እስካሁን ያዘገየሁት ሁለቱም ጎራዎች እሱ ላይ ስለሚገናኙ ነው። ታሪኩ በአክሱም ዘመን ይጀምራል። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው መጠራና በየሓ የሸክላ ሰሌዳ ስባሪና ዐለት ላይ የተቦረቦሩ ሰሌዳዎች ተገኝተዋል፤ አርኪዮሎጂስቶች ከ6ኛውና ከ7ኛው መቶ ዘመን ይሏቸዋል። ዐለት ላይ ያለ ጉድጓድ ሁሉ ገበጣ እንዳልሆነ ግን መርሳት የለብንም። ጨዋታውን በሰፊው የመዘገቡልን ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር በ1971 ባወጡት ጽሑፍ በየአካባቢው ያለውን ደንብ፣ ባለሁለት ረድፉንም ባለሦስት ረድፉንም ሰሌዳ ለይተው አስቀምጠዋል። ባለሦስት ረድፉ በተለይ የአፍሪካ ቀንድ ነው፤ የቀረው አፍሪካ በሁለት ወይም በአራት ረድፍ ይጫወታል።

ጠጠር ማደል ራሱ ሒሳብ አለው። በተከታታይ ቤቶች 4፣ 3፣ 2፣ 1 ጠጠር አስቀምጡ። አራቱን አንሥታችሁ ወደፊት አንድ በአንድ አድሉ። ምን ተገኘ? ከአንድ ቤት ወደፊት እንደገና 4፣ 3፣ 2፣ 1። እንደገና ከኋላ ያሉትን አራቱን ብታነሡ ሰልፉ ሳይበተን ሌላ ቤት ይራመዳል። ይህን ሰልፍ የሚሠሩት 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15 የሚሉት ቁጥሮች ናቸው። አሁን ገልብጡት፤ 10 ጠጠር በፈለጋችሁት መንገድ በክምር ክፈሉ፣ ከእያንዳንዱ ክምር አንድ አንድ አንሥታችሁ አዲስ ክምር ሥሩ፣ ይህንኑ ደጋግሙት። ቢበዛ በ12 ዙር ክምሮቹ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ሆነው ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢያንቀሳቅሷቸውም አይለወጡም። ይህን ዮርገን ብራንት በ1982 አረጋግጦት ማርቲን ጋርድነር በማግሥቱ ዓመት ለብዙ አንባቢ አስተዋወቀው። ማረጋገጥ የፈለገ 10 ጠጠር ይለቅም።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። ቤቶቹን በአንድ መስመር አድርጉና መጨረሻ ላይ አንድ ጎተራ አስቀምጡ። ብቻችሁን ነው የምትጫወቱት፤ ወደ ጎተራው አቅጣጫ ታድላላችሁ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር ሁልጊዜ ጎተራው ውስጥ ማረፍ አለባት። ሁሉንም ጠጠር ወደ ጎተራ ማስገባት የሚያስችለው አቀማመጥ ለእያንዳንዱ የጠጠር ብዛት አንድ ብቻ ነው። አቀማመጡ 3 ቤት እንዲይዝ ቢያንስ 4 ጠጠር ይፈልጋል፤ 4 ቤት 6 ጠጠር፣ 5 ቤት 10 ጠጠር፣ 10 ቤት 34፣ 20 ቤት 132። የቤቶቹን ቁጥር በራሱ አባዝታችሁ ለጠጠሩ ብታካፍሉ 10 ላይ 2.94፣ 20 ላይ 3.03 ይመጣል፤ ቤቱ በበዛ ቁጥር ወደ 3.14159 ይጠጋል። ፓይ ነው፤ የክብ ዙሪያና የዲያሜትሩ ዝምድና። ክብ በሌለበት፣ ጠጠር በመቁጠር ብቻ። ብሮላይንና ሎብ በ1995 ስለ ገበጣ ዓይነት ጨዋታዎች ሲጽፉ ይህን በርዕሳቸው ላይ አወጡት። ምክንያት የተገኘለት ገበጣ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ግን ምክንያቱ ይጠፋል። የምዕራብ አፍሪካው ዘመድ፣ አዋሪ ወይም ኦዋሬ የሚባለው፣ 12 ቤትና 48 ጠጠር አለው፤ በ2002 አምስተርዳም ላይ ጆን ሮሜይንና ሄንሪ ባል በ144 ፕሮሰሰሮች 889 ቢሊዮን አቀማመጦችን አንድ በአንድ አስፈትሸው እኩል እንደሚያልቅ አወቁ። ያ ሁሉ አቀማመጥ በዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ» የሚል አንድ መስመር ምክር ግን አልወጣበትም። የእኛው ገበጣ ደግሞ በብዙ ቦታ አንድ ተጨማሪ ክፋት አለው። የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ቤት ላይ ካረፈች ያንን አንሥቶ ማደል ይቀጥላል፤ ባዶ ቤት እስኪገኝ ድረስ አንድ ተራ ሰሌዳውን ደጋግሞ ሊዞር ይችላል። አንድ ቤት ላይ አንዲት ጠጠር ብትለይ የተራው መጨረሻ ሌላ ጥግ ላይ ይወድቃል። ጎበዝ ተጫዋች ይህን በዓይኑ አይቶ ይመርጣል፤ እንዴት እንደመረጠ ግን ቢጠየቅ ቤቶቹን እየነካ ከማሳየት በቀር አይነግራችሁም።

ይህ ሁሉ ሥራ አንድ ያልተነገረ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ተራ። በ1913 ጀርመናዊው ኤርነስት ዘርሜሎ ስለ ቼዝ ባረጋገጠው ላይ ተመሥርቶ፣ ተራ በተራ የሚሄድ፣ የሚደበቅ ነገርና ዕድል የሌለበት፣ ማለቂያ ያለው ጨዋታ ሁሉ ከሦስት አንዱ ነው ይባላል፤ ወይ ጀማሪው ማሸነፍ ይችላል፣ ወይ ሁለተኛው፣ ወይ ሁለቱም እኩል መውጣትን ማስገደድ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ የአገራችን የድሮ ቼዝ፣ ለዚህ አይመችም። በድሮው አጨዋወት ጨዋታው በወረራ ይከፈታል፤ አንዱ የሌላውን ሳይጠብቅ ሁለቱም የየራሳቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ተራ የሚመጣው የመጀመሪያው መበላላት ከሆነ በኋላ ነው። የእጅ ፍጥነትና የባላጋራን ሰልፍ በጨረፍታ ማየት ያን ጊዜ ከማንኛውም ስሌት ይቀድማል። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን አጥብቀው ይወድዱ እንደነበር በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያዩአቸው እንግሊዛውያን ጽፈዋል።

መጨረሻውም እንደ ዘርሜሎ ሦስት መስመር አይደለም። የባላጋራውን ንጉሥ በፈረስ ወይም በደር (በቼዝ ሩክ የሚባለው) መግደል የሚያስመሰግን አልነበረም፤ በፊል ወይም በፈርዝ (በቼዝ ጳጳሱና ንግሥቲቱ በሚቆሙበት ቦታ የሚቆሙት) የገደለ የተሻለ ይከበር ነበር፤ በሁለት መደቅ (ወታደር) አጣምሮ የገደለ ደግሞ ጭብጨባው ሁሉ የእሱ ነበር። አንድ ሰው ይህን ጨዋታ በኮምፒውተር ልፍታ ብሎ ቢነሣ «ማን ያሸንፋል» ብሎ መጠየቁ አይበቃውም፤ ለእያንዳንዱ አሟሟት ነጥብ መስጠት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ወረራው ላይ የማን እጅ ስንት ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ መወሰን አለበት።